ጎማውም ብረቱም ወሰን አለው

ቃሊቲ ገና አልነጋም። ከጎሚስታው ደጃፍ ባለተሳቢ የጭነት መኪና ቆሟል። የኋላ እግሩ በክሪክ ተነሥቷል፤ ዳዶዎቹ በተነጠፈ ማዳበሪያ ላይ ተደርድረዋል። ረዳቱ ጃኬቱን እስከ አገጩ ቆልፎ ይጠብቃል። መንገዱ ረጅም ነው፦ አዳማ፣ አዋሽ፣ ሚሌ፣ ጋላፊ፣ ከዚያም ጅቡቲ ወደብ። ሽማግሌው ጎሚስታ ግን አይቸኩሉም። የወረደውን ጎማ በዝግታ እያሽከረከሩ ጎኑን በአውራ ጣታቸው ይጫናሉ። የእጅ ባትሪያቸውንም ጥርሱና ጎኑ ወደሚገናኙበት ያበራሉ።

«ጋሼ፣ ጥርሱ እኮ ገና ነው» አለ ረዳቱ።

«ጥርሱማ ገና ነው ልጄ። ጎኑን እየው እንጂ። ድርቅ ብሏል፤ ሲጫኑት አይበገርም። ስንጥቁን አየኸው? ይሄ ጎማ ጥርስ እንጂ ዕድሜ አልተረፈውም።»

ሽማግሌው በአውራ ጣታቸው የሚፈትኑትን ነገር የፊዚክስ ሰዎች ተለጣጭነት ይሉታል። አንድ ነገር ኃይል ሲያርፍበት ቅርጹን ቀይሮ፣ ኃይሉ ሲነሣለት ወደ ቀድሞ ቅርጹ የመመለስ ባሕርይ ነው። ይህ ባሕርይ ባይኖር መኪና መንገድ አይችልም፣ ልብስ ወገብ ላይ አይቆይም፣ የማቀዝቀዣ በር አይገጥምም፣ ደምም በሥሮቻችን ውስጥ በቅጡ አይዘዋወርም። ዕለት ተዕለት ሕይወታችንን የምናሳርፍበት ነገር ሆኖ ሳለ ትዝ የሚለን ሲከዳን ብቻ ነው። ሲከዳን ደግሞ ዋጋው አንዳንዴ የሰው ሕይወት ይሆናል።

ቁም ነገሩ መመለሱ ነው

ስለ ተለጣጭ ነገር ሲነሣ ቶሎ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው የፀጉር ላስቲክና የሱሪ ወገብ ነው። ብዙ የሚሳብ ሁሉ የበለጠ ተለጣጭ ይመስለናል። ባለሙያዎች ግን የሚመዝኑት ዕቃው የተሳበበትን ርቀት ሳይሆን የተመለሰበትን ትክክለኛነት ነው። በዚህ ሚዛን ብረት ጎማን ይበልጠዋል። ትንሽ የብረት ኳስ ወፍራም ብረት ላይ ብትወድቅ ከፍ ብላ ትነጥራለች፤ ሁለቱም በዐይን በማይታይ መጠን ተጨፍልቀው ወዲያው ስለሚመለሱ የተቀበሉትን ጉልበት ይመልሱታል። ልጆች ከአሮጌ ካልሲና ከጨርቅ የሚሠሯት ኳስ ግን መሬት ላይ ስትወድቅ እዚያው ትቀራለች። ጨርቁ ቅርጹን ይቀይራል እንጂ ጉልበቱን መልሶ አይሰጥም።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። አንድ ሜትር የሚረዝምና ሲቆረጥ የፊቱ ስፋት አንድ ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ሽቦ ላይ 10 ኪሎ ብናንጠለጥል፣ ሽቦው የሚረዝመው ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። 20 ኪሎ ስናደርገው ጭማሪው አንድ ሚሊ ሜትር ይሆናል። ክብደቱ ሲነሣ ሽቦው ወደ ነበረበት ይመለሳል። በዚያው ውፍረት የተቆረጠ የጎማ ክር ከራሱ ርዝመት አምስትና ስድስት እጥፍ ሊሳብ ይችላል፤ 10 ኪሎው ሳይሞላ ግን ይበጠሳል። ብረት ጥቂት ተስቦ ብዙ ይሸከማል። ጎማ ጥቂት እየተሸከመ ብዙ ይሳባል። መሐንዲሶች አንዱን ለድልድይ ሌላውን ለጎማ የሚመርጡት ለዚህ ነው።

ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው ወሰን ያላቸው መሆኑ ነው። መርፌ ቁልፍን በመጠኑ ብንከፍታት ትመለሳለች፤ ከልክ በላይ ብንስባት ግን ተጣማ ትቀራለች። ያን ጊዜ በብረቱ ውስጥ ያሉት አተሞች ቦታ ለቀው ስለተንሸራተቱ በራሳቸው አይመለሱም። ከወሰኑ በታች የተጠቀሙበት ዕቃ ለዓመታት ያገለግላል፤ ወሰኑን ያለፉበት ዕቃ ግን ባይሰበርም የቀድሞው ዕቃ አይደለም።

ሕፃን የሚመዘንበት ሞላ

ይህን ነገር በሥርዓት መዝኖ ሕግ ያወጣለት እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ነው። ሁክ እ.ኤ.አ. በ1635 ተወልዶ በ1703 ያረፈ ሰው ሲሆን፣ በ1666 ለንደን በእሳት ስትጋይ ከተማዋን መልሰው ከቀየሱት ባለሙያዎች አንዱ ነበር። ሽቦና ሞላ እየሰቀለ፣ ክብደት እየጨመረ ርዝመቱን ሲለካ ያገኘው ውጤት ቀላል ነበር፤ ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ርዝማኔውም እጥፍ ይሆናል። ግኝቱን እንዳይቀሙት በመስጋት በ1676 ፊደላቱን አዘበራርቆ ማንም በማይፈታው መልክ አሳተመው፤ ፍቺውን የገለጸው ከሁለት ዓመት በኋላ በ1678 ነው። ከዚያ በኋላ ቶማስ ያንግ በ1807 ባሳተማቸው ትምህርቶች ጥያቄውን ከዕቃው ቅርጽ ወደ ዕቃው ባሕርይ አሻገረው። ዛሬ መሐንዲሶች ብረትን ከአሉሚኒየም፣ መስታወትን ከእንጨት የሚያወዳድሩበት የግትርነት ልኬት በእርሱ ስም ይጠራል።

የሁክ ሕግ ከመጽሐፍ ወጥቶ የሰው ሕይወት ሲያገለግል ማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ገጠር ጤና ኬላ ይሂድ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ክብ ሚዛኑን ከወራጁ ወይም ከዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ትሰቅላለች። እናት ሕፃኗን እግር ማስገቢያ ባለው ማንጠልጠያ ጨርቅ ውስጥ ታስገባለች። ሕፃኑ ያለቅሳል፤ ቀስቱ ይወዛወዛል፤ ከዚያ ይረጋል። እስከ 25 ኪሎ የሚመዝነው ይህ ሚዛን በውስጡ ያለው ሞላ ነው። ሞላው በተሳበ መጠን ቀስቱ እኩል እኩል ስለሚሄድ እያንዳንዱ መስመር 100 ግራም ማለት ይሆናል። ልጁ ካለፈው ወር ክብደት ቀንሶ ከሆነ ባለሙያዋ እዚያው ታውቃለች።

ሚዛኑ የሚታመነው ግን ሞላው ወሰኑን እስካላለፈ ድረስ ነው። አንድ ሰው በ25 ኪሎው ሚዛን ላይ ኩንታል እህል ሊመዝን ቢሞክር ሞላው ተወጥሮ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ የሚመዘነው ሕፃን ሁሉ የሐሰት ክብደት ይጻፍለታል። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ ሚዛኑን ከመጠቀሟ በፊት ቀስቱ ዜሮ ላይ መሆኑን ታያለች፤ ክብደቱ የታወቀ ዕቃም ሰቅላ ትፈትሸዋለች።

ባሌስትራ ለምን ይሰበራል?

ከጎሚስታው አጠገብ ባለው ጋራዥ ደግሞ ሌላ የመመለስ ታሪክ አለ። የጭነት መኪና ክብደት የሚያርፈው ተደራርበው በታሰሩ የብረት ንጣፎች ማለትም በባሌስትራው ላይ ነው። አንድ ወፍራም ብረት ከመጠቀም ይልቅ ብዙ ቀጫጭን ንጣፎችን መደራረብ ያስፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። ወፍራም ብረት ትንሽ እንኳ ሲታጠፍ የውጭ ገጹ ክፉኛ ይወጠራል። ቀጭኑ ግን ብዙ ታጥፎም ውጥረቱ ያነሰ ነው። ንጣፎቹ አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተቱ ሸክሙን ይካፈላሉ፤ ፍትጊያቸውም ንዝረቱን ያበርደዋል።

ብረቱም ተራ ብረት አይደለም። ግማሽ በመቶ ያህል ካርቦን፣ ከዚያም ሲሊከን ወይም ክሮምየም የተጨመረበት ነው። እስኪቀላ ተግሎ በድንገት በዘይት ይቀዘቅዛል፤ በዚህ ጊዜ እጅግ ጠንካራ፣ ግን ተሰባሪ ይሆናል። ከዚያ በለዘብታ እንደገና ይሞቅና ተሰባሪነቱ ይቀነስለታል። ተመላሽነቱ የሚገኘው ከዚህ የእሳት ሥራ ነው። የተሰበረ ባሌስትራን በብየዳ ማያያዝ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። የብየዳው ሙቀት የፋብሪካውን የእሳት ሥራ ያፈርሰዋል፤ የተበየደው ቦታ ቢያምርም ዳሩ ላይ ያለው ብረት ባሕርዩን አጥቷል።

ባሌስትራ የሚሰበረው ሁልጊዜ አንድ ቀን በተጫነ ከባድ ሸክም አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚገድለው ድግግሞሽ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1842 ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ይጓዝ የነበረ ባቡር የሎኮሞቲቩ አክስል ተሰብሮ ተገለበጠ፤ በተነሣው እሳት ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። ጥያቄው ከባድ ነበር። ለረጅም ጊዜ ያለ ችግር ሲሠራ የኖረ ብረት፣ ሸክም ሳይጨመርበት ለምን ይሰበራል? ጀርመናዊው መሐንዲስ አውጉስት ቮለር በ1850ዎቹና በ1860ዎቹ የባቡር አክስሎችን ደጋግሞ እያሽከረከረና እያጎበጠ መልሱን አገኘ። ብረት በአንድ ጊዜ ሊሸከመው ከሚችለው በታች የሆነ ኃይል እንኳ በሺህና በሚሊዮን ጊዜ ሲደጋገም ብረቱን ያደክመዋል። ስብራቱ የሚጀምረው ከጭረት፣ ከዝገት ጉድጓድ ወይም ከማይታይ ጉድለት ነው። ስንጥቁ በእያንዳንዱ ንዝረት ጥቂት ጥቂት እያደገ ሄዶ አንድ ቀን የቀረው ብረት ሸክሙን መቻል ያቅተዋል።

በእኛ አገር መንገድ ላይ ይህ ዕለታዊ ነገር ነው። አንዳንድ ባለንብረቶች ከተፈቀደው በላይ ለመጫን ሲሉ በአይሱዙውና በሲኖትራኩ ላይ ተጨማሪ ንጣፍ ያስደርባሉ። መኪናው እንዳይጎብጥ ያደርገዋል እንጂ ፍሬኑን፣ አክስሉንና ጎማውን አያጠነክርም። ባሌስትራው መታጠፍ ሲያቅተው ድንጋጤው በሙሉ ወደ ሻንሲውና ወደ ጎማው ያልፋል።

ከምድጃ የተገኘው ጎማ

ጎማን ዓለም ያወቀው ከመካከለኛው አሜሪካ ሕዝቦች ነው። እነርሱ ከ3,500 ዓመታት በፊት የዛፍ ወተትን ከሐረግ ጭማቂ ጋር እየቀላቀሉ የምትነጥር ኳስ ይሠሩ ነበር። አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጎማውን ለካፖርትና ለጫማ ሲያውሉት ግን ችግር ገጠማቸው፤ በበጋ ይቀልጣል፣ ይሸታል፤ በብርድ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል።

ይህን ችግር ለመፍታት ቻርልስ ጉድይር የተባለ አሜሪካዊ ንብረቱን፣ ጤናውንና የቤተሰቡን እንጀራ ሠዋ። በዕዳ ታስሯል። እ.ኤ.አ. በ1839 በማሳቹሴትስ ግዛት በዎበርን ከተማ ከድኝ ጋር የተቀላቀለ ጎማ ትኩስ ምድጃ ላይ ሲያርፍ፣ ሳይቀልጥ እንደ ቆዳ ጠንክሮ አገኘው። ድኙ በሙቀት ኃይል የጎማውን ረጃጅም ሰንሰለቶች እርስ በእርስ አያይዟቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ሰንሰለቶቹ ይሳባሉ እንጂ ተንሸራተው አይለያዩም። ጉድይር በ1844 የፈጠራ መብቱን ቢያስመዘግብም ሀብት አላገኘበትም፤ በ1860 ሲሞት 200,000 ዶላር ያህል ዕዳ ነበረበት። በስሙ የሚጠራው የጎማ ኩባንያ ከሞቱ 38 ዓመታት በኋላ በሌሎች ሰዎች የተቋቋመ ነው።

ጆን ደንሎፕ እ.ኤ.አ. በ1888 በቤልፋስት በአየር የሚሞላ የብስክሌት ጎማ ከሠራ በኋላ ዓለም ጎማ ተራበ። የረሃቡን ዋጋ አፍሪካ ከፈለች። የቤልጅየም ንጉሥ ሊዮፖልድ ሁለተኛ ከ1885 እስከ 1908 የግል ርስቱ ባደረጋት ኮንጎ፣ መንደሮች የዱር ሐረግ ጎማ እየለቀሙ የተመደበላቸውን መጠን እንዲያስረክቡ ይገደዱ ነበር። መጠኑን ያላሟሉ ይገረፋሉ፤ ሚስቶቻቸው ይታገታሉ፤ መንደራቸው ይቃጠላል። ወታደሮች ለተኮሱት ጥይት ማስረጃ እንዲሆን የሰው እጅ ቆርጠው እንዲያመጡ ይደረግ ነበር። ሚስዮናዊቷ አሊስ ሲሊ ሃሪስ ያነሣቻቸው ፎቶግራፎችና የሮጀር ኬዝመንት የ1904 ሪፖርት ግፉን ለዓለም አጋለጡ። ንጉሡ በ1908 አገሪቱን ለቤልጅየም መንግሥት ለማስረከብ ተገደደ። የጎማ ታሪክ ሲነገር የጉድይር ምድጃ ብቻ ሳይሆን የኮንጎ መንደሮችም ሊነሡ ይገባል። የዓለም መኪኖች ምቾት የተጀመረው በእነርሱ ሰቆቃ ነውና።

ኋላ ላይ ምርቱ ወደ እስያ ዞረ። እንግሊዛዊው ሄንሪ ዊክሃም በ1876 ከብራዚል ወደ ለንደን ያሻገራቸው 70,000 ያህል ፍሬዎች ዘር ሆነው በሲሎንና በማላያ ተስፋፉ። ዛሬ በተፈጥሮ ጎማ ምርት ቀዳሚዋ ታይላንድ ናት።

በከንፈር የሚፈተን ምሥጢር

ጎማ የሚመለሰው ብረት በሚመለስበት መንገድ አይደለም። በብረት ውስጥ በሥርዓት የተደረደሩት አተሞች ሲራራቁ እርስ በእርስ ይጎተታሉ፤ ሲጠጋጉ ይገፋፋሉ። የጎማ ሰንሰለቶች ግን እንደ ተዘበራረቀ ፈትል የተጠላለፉ ናቸው፤ ያለ ዕረፍትም ይንቀጠቀጣሉ። ስንስባቸው ተቃንተው በአንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ። ስንለቃቸው ሙቀታቸው ራሱ ወደ ቀድሞ ዝብርቅርቃቸው ይመልሳቸዋል።

ይህን ለማመን ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ሰፋ ያለ የጎማ ላስቲክ ወስዳችሁ በፍጥነት ሳቡና ወዲያው ከከንፈራችሁ አስነኩት፤ ይሞቃል። እንደተሳበ ጥቂት አቆይታችሁ በድንገት ልቀቁትና እንደገና አስነኩት፤ ይቀዘቅዛል። ይህን መጀመሪያ የመዘገበው ከልጅነቱ ጀምሮ ዐይነ ስውር የነበረው እንግሊዛዊ ጆን ጎህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1805 ባሳተመው ጽሑፍ ሙቀቱን በከንፈሩ እንደለየ ገልጿል። ደግሞም የተወጠረ ጎማ ሲሞቅ እንደ ሌሎች ነገሮች አይረዝምም፤ ይኮማተራል።

ጎማ ሲመለስ የተቀበለውን ጉልበት ሁሉ አይመልስም፤ ከፊሉን ሙቀት አድርጎ ያስቀረዋል። የመኪና ጎማ በተሽከረከረ ቁጥር መሬት የሚነካው ክፍል ይጨፈለቃል፣ ይመለሳል፤ በየዙሩም ጥቂት ይሞቃል። አየሩ ከጎደለ ወይም ሸክሙ ከበዛ ጎኑ የበለጠ ይታጠፋል፣ ሙቀቱም ይበረታል። አሁን ወደ ቃሊቲው መኪና እንመለስ። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከአዲስ አበባ ዙሪያ ተነሥቶ ወደ አፋር በረሃ ሲወርድ አየሩም አስፋልቱም እየጋለ ይሄዳል። አየሩ የጎደለ፣ ከልክ በላይ የተጫነ፣ ዕድሜው የገፋ ጎማ በዚያ መንገድ ላይ ከውስጥም ከውጭም ይቃጠላል። ንብርብሮቹ ይላቀቁና ይፈነዳል። የወጪና ገቢ ንግዳችን አብዛኛው በዚህ መስመር ስለሚጓዝ የጎማ ጉዳይ የባለመኪናው ብቻ ሳይሆን የአገር ጉዳይ ነው።

በበረዶ ውኃ የተነገረው እውነት

ሙቀት ጎማን ሲጎዳ ብርድ ደግሞ ያደነዝዘዋል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በፍሎሪዳ ስትነሣ የአየሩ ሙቀት 2 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ነበር። የሮኬቶቿን መጋጠሚያዎች ጋዝ እንዳያሾልኩ የሚዘጉት የጎማ ቀለበቶች ነበሩ። ሮኬቶቹን በሠራው ድርጅት ውስጥ የነበሩ መሐንዲሶች በዋዜማው ሌሊት በብርድ ማስነሣት አደገኛ መሆኑን ቢያስጠነቅቁም አለቆቻቸው አልሰሟቸውም። መጋጠሚያው ሲከፈት ደንዝዞ የነበረው ጎማ ተከትሎ መዝጋት አልቻለም፤ እሳት ሾለከ። በ73ኛው ሰከንድ መንኮራኩሯ ተበታተነች፤ ሰባቱም ጠፈርተኞች ሞቱ።

በምርመራው ኮሚሽን ስብሰባ ላይ የኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ ሪቻርድ ፋይንማን አንዲት የጎማ ቁራጭ በመቆንጠጫ አጥብቆ የበረዶ ውኃ ውስጥ ነከራት። አውጥቶ መቆንጠጫውን ሲፈታ ጎማዋ እንደተጨፈለቀች ቀረች፤ ወዲያው አልተመለሰችም። ያን ያህል ወጪ የወጣበትና በርካታ መሐንዲሶች የደከሙበት መንኮራኩር የወደቀው ማንም ሰው በብርጭቆ ውኃ ሊፈትነው በሚችል ባሕርይ መሆኑን ዓለም በቴሌቪዥን አየ።

ደጋን፣ አውታርና ጅማት

ፋብሪካ ሳይኖር አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ባሕርይ በሚገባ ያውቁት ነበር። ጥጥ በመዳመጫ ፍሬው ከወጣለት በኋላ በደጋን ይነደፋል። የጎበጠው እንጨት ለመቃናት ሲታገል ጅማቱን ወጥሮ ይይዛል። ነዳፊዋ ጅማቱን ስትመታው ንዝረቱ የተጣበቀውን ጥጥ ይበታትነዋል፤ ጥጡም ለእንዝርት የተዘጋጀ ለስላሳ ንድፍ ይሆናል። በበገናም እንዲሁ ነው። ከበግ አንጀት የሚሠሩት አሥሩ አውታሮች እያንዳንዳቸው በተለያየ ውጥረት ይቃኛሉ፤ አንጀት እርጥበት ሲስብ ውጥረቱ ስለሚቀየር ደርዳሪው ደጋግሞ መቃኘት ይኖርበታል። የማሲንቆው የፈረስ ጭራ፣ የከበሮው ቆዳ፣ ሁሉም ድምፅ የሚሰጡት ተወጥረው ስለሚመለሱ ነው።

ሰውነታችንም በዚሁ ባሕርይ ይሠራል። ከተረከዝ በላይ ያለው ወፍራም ጅማት ስንሮጥ እግራችን መሬት ሲነካ ይሳባል፤ ስንነሣ ይመለሳል። እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት፣ በሩጫ በእያንዳንዱ እርምጃ ሊባክን ከሚችለው ጉልበት ውስጥ አንድ ሦስተኛ ያህሉን ይህ ጅማት አከማችቶ እንደሚመልስ አመልክተዋል፤ የውስጥ እግር ቅስትም የራሱን ድርሻ ይጨምራል። አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያሸንፍ ከአካሉ ጅማት በቀር ሌላ ሞላ አልነበረውም። ትዕግሥት አሰፋ በ2023 በበርሊን 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ገብታ የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር ግን ያደረገችው 138 ግራም ያህል የሚመዝን፣ ተጨፍልቆ የሚመለስ አረፋ ያለው ጫማ ነበር። የዘመኑ የውድድር ጫማዎች ይህን ያህል ለውጥ ስላመጡ የዓለም አትሌቲክስ የሶሉን ውፍረት ገድቧል። ጫማው ግን ብቻውን አይሮጥም፤ በአረፋው ላይ የሚያርፈው የዓመታት ልምምድ ያጠነከረው ጅማት ነው።

የደም ሥሮቻችንም እንዲሁ ናቸው። ልብ ደም ስትረጭ ትልቁ ሥር ይለጠጣል፤ ልብ ስታርፍ ተመልሶ ደሙን ወደፊት ይገፋል። ይህን የሚያደርገው ኤላስቲን የተባለ ፕሮቲን ነው። ሰውነታችን አብዛኛውን የሚሠራው በልጅነት ሲሆን፣ ለአሥርተ ዓመታት የሚያገለግለንም ያው ነው። ዕድሜ ሲገፋ፣ ትምባሆና ስኳር ሲጨመሩበት ሥሩ ይደርቃል፤ የደም ግፊት ይጨምራል። ሽማግሌው ጎሚስታ ጎማውን በጣታቸው እንደሚፈትኑት ሁሉ የራሳቸውን ሥር የሚፈትሽላቸው የደም ግፊት መለኪያ በየጤና ጣቢያው አለ።

ሁለተኛ ዕድሜ

ያረጀ ጎማ በአዲስ አበባ ቶሎ አይጣልም። መርካቶ ምናለሽ ተራ ውስጥ ቢላዋ ሲሳል፣ መዶሻ ሲያርፍ የሚሰማው የአሮጌ ጎማ ሥራ ድምፅ ነው። ጥርሱ ያለቀው ጎማ ተሰንጥቆ በረባሶ ይሆናል፤ ከመነዳሪው በረጅሙ ተቆርጦ ፖርቶመጋላ ላይ ዕቃ ማሰሪያ ይሆናል። ቤተልሔም ጥላሁን ከ20 ዓመታት ገደማ በፊት በዘነበወርቅ ሰፈር የጀመረችው ሶልሬብልስ የተባለው ድርጅት የአሮጌ ጎማ ሶል ያላቸውን ጫማዎች ለዓለም ገበያ አቅርቧል። የተሰበረው ባሌስትራም ወደ አንጥረኛው ወናፍ ይሄዳል፤ መጥረቢያ፣ ቢላዋና ማረሻ ሆኖ ይወጣል። ይህ ጥበብ ሊከበር ይገባዋል። ከመኪና እግር ሥር የወጣ ጎማ ከሰው እግር ሥር መግባቱ ጥሩ ነው፤ ጥርስ ተቀርጾለት ተመልሶ መኪና ላይ መግባቱ ግን ነፍስ ማጥፋት ነው።

ዛሬውኑ የሚደረግ

ይህን ሁሉ ማወቃችን ጥቅም የሚኖረው እጃችንን ካንቀሳቀሰ ነው።

ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ኮድ የመጨረሻ አራት አሃዞች ፈልጉ። ለምሳሌ 3219 ከሆነ ጎማው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2019 በ32ኛው ሳምንት ነው። ሳይሠራበት መጋዘን ውስጥ የተቀመጠ ጎማም ያረጃል። ብዙ አምራቾች ጥርሱ ምንም ያህል ቢኖር ከ10 ዓመት በላይ እንዳይሠራበት ይመክራሉ። አየሩን የምትለኩት መኪናው ከመሄዱ በፊት ጎማው ሳይሞቅ ይሁን። በመንገድ ላይ ሞቆ ግፊቱ ጨመረ ብላችሁ አየር አታስተንፍሱ፤ ሲቀዘቅዝ ይጎድላል።

ወጥ ቤት ውስጥ ከሲሊንደር ወደ ምድጃ የሚሄደውን ጎማ እጠፉትና እዩት፤ ከተሰነጠቀ ወይም ከደረቀ ዛሬውኑ ይቀየር። ተራ የውኃ ጎማ ጋዙ ስለሚያበላሸው በምትኩ አይገባም። መጋጠሚያውን በሳሙና አረፋ ፈትሹት፤ አረፋው ከተነፋ ጋዝ እየሾለከ ነው። የፕሬዠር ድስቱ ክዳን ጎማም ሲደነድን መቀየር አለበት። ኮንዶም በሙቀትና በኪስ ቦርሳ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አይቀመጥም፤ ቫዝሊንና ዘይት የጎማውን ጥንካሬ ስለሚያጠፉት አይቀባም። ላስቲክ ያለው ልብስ በረኪና ውስጥ አይዘፍዘፍ፤ ብርቱ ፀሐይ ላይም አይሰጣ።

ባለመኪኖች ሆይ፣ ባሌስትራ አታስበይዱ፤ ንጣፍ ደርባችሁ ከተፈቀደው በላይ አትጫኑ። ትራፊክ ፖሊሶችና የመኪና መርማሪዎች፣ ጎማ ስታዩ ከጥርሱ ጋር የተሠራበትን ቀንና ጎኑን እዩ። ጎማ የምታስመጡ ነጋዴዎች፣ በመጋዘን ያረጀውን እንደ አዲስ አትሽጡ። ተሳፋሪውም ከመውጣቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ጎማውን የማየትና የመጠየቅ መብት አለው። ሁሉም ነገር የሚመለሰው እስከ ወሰኑ ነው፤ ከወሰኑ በኋላ የሚጠፋ የሰው ሕይወት ግን አይመለስም።